የመብሩካ አባት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ብርቄ ከጅዳ ቪዲዮ ላከችልኝ። የሰቆጣ ኔትወርክ እንደ አኩራፊ ሙሽራ ነው፤ ሲለምኑት ይብስበታል። ከቅዳሴ መልስ ስልኬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ፣ አጥር ሥር ቆምኩ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ በመጨረሻ ተከፈተልኝ። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ ረዣዥም ነጫጭ ቤቶች፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ፣ ሳጥን የመሰሉ የእንጨት መስኮቶች። መብራት በመብራት ሆኗል፤ ቱሪስቱ ስኒውን ይዞ ይንሸራሸራል። «አክስቴ፣ የድሮው ጅዳ ነው፤ እንዴት እንደሚያምር እዪልኝ» ብላ ጽፋበታለች።

ያምራል፤ አልዋሽም። እኔ ግን ከነዚያ መስኮቶች ባንዱ ውስጥ የሚያየኝ ሰው ያለ መሰለኝና ስልኩን ደፋሁት። ያን ሰፈር ከለቀቅሁ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ፀጉሬ ነጥቶ፣ መብሩካ አሁንም አልለቀቁኝም።

ወደ ጅዳ የሄድኩት አምሮኝ አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ከሾላ ምንጭ፣ ከዋግ፣ ደሃና ጫፍ ካለችው ጎጣችን፣ ተነሥተን በእግራችን ወደ ሱዳን የወረድነው። አባቴ ኪሮስ ተከዜን ከተሻገርን በኋላ ደከመው። «እናንተ ቅደሙ፣ ፀሐዩ ሲበርድ እደርሳለሁ» አለን። አልደረሰም። ተመልሰን ከአንድ ግራር ሥር ቀበርነው፤ ዛሬ ግራሩን አሳዪ ብባል አላገኘውም። መጠለያው ከደረስን በኋላ አንዲት ሱዳናዊት ነጋዴ ለጅዳ ሰዎች ሠራተኛ ትፈልግ ነበርና እናቴንና ወንድሜን እዚያው ትቼ በመርከብ ተሻገርኩ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

የተቀጠርኩበት ቤት ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ። እንደ ሰፈሩ ሀብታም ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲሱ ከተማ፣ ቪላ ሠርተው ገብተዋል። በአሮጌው ቤት የቀሩት አንዲት ጥቁር አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ መብሩካ ይባላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለዚያ ቤት በባርነት ያገለገሉ ናቸው። ነፃነት ሲታወጅ ሂዱ ተባሉ፤ የት እሄዳለሁ ብለው እዚያው ቀሩ። አሁንም ወደ ቪላው ይምጡ ቢባሉ አሻፈረኝ ስላሉ እኔ እንድጦራቸው ተቀጠርኩ። አረብኛ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ስጽፍም እንዲሁ።

ቤቱ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠራ፣ ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ነው። ላይኛዎቹ ክፍሎች ባዶ ነበሩ። የባሕሩ ነፋስ በመስኮቱ እንጨት ቀዳዳ ሲገባ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ያለ እኛ ሌላ ሰው ያለ እየመሰለኝ ደረጃውን ቀና ብዬ አይ ነበር። መብሩካ ይህን ሲያዩ ይስቁብኛል፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቃል።

የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ እሱም ሸምግሏል፣ ዓርብ ዓርብ ሩዝና ዓሣ አስይዞ ይመጣል። ተቀምጦ የከተማውን ታሪክ ማውራት ይወዳል፤ ደግሞም ያውቅበታል። ባሕሩ ድሮ እዚህ ጓሮ ድረስ ይመጣ እንደነበር፣ ከተማዋ ባጥር ተከባ በሯ ማታ ይዘጋ እንደነበር ይነግረናል። ከህንድና ከጃዋ በመርከብ የሚመጣው የመካ ተጓዥ ሁሉ በአያቱ አንዲት ሱቅ ፊት ያልፋል፤ አያቱም ቅመምና ጨርቅ እየሸጡ ይህን ቤት አቆሙ። ከዚያ ነዳጁ ወጣ፤ አጥሩ ፈረሰ፤ ባሕሩ በአፈር ተደለደለ፤ የቅመም ነጋዴው ልጅ የሲሚንቶና የመኪና ነጋዴ ሆነ። እኔ ከድርቅ የመጣሁት አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ባሕርን የሚገፋ ሀብት እንዴት ያለ ነው እያልኩ።

መብሩካ ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ፤ አንድም ቀን አቋርጠውት አያውቁም። አንድ ዓርብ ግን ሰውየው ከወጣ በኋላ ደረጃውን በአገጫቸው አመለከቱኝና፣ «ከተማው ውሃ አልነበረውም። በአህያ መጥቶ በር ላይ ይራገፍ ነበር። ይህ ቤት የጠጣውን ውሃ ሁሉ እስከ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። በኩራት ይሁን በምሬት ዛሬም አልገባኝም።

እኚህ ሴት የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። ሞትን አይደለም፤ ሞትን እንደ እንግዳ ነበር የሚጠብቁት። የፍርድ ቀን ሰው ሁሉ በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል ሲባል ሰምተዋል። መብሩካ የተባሉት በዚህ ቤት ነው፤ የዱሮ ስማቸውን ረስተውታል፤ አባታቸውንም አያውቁም። ሐበሻ ነሽ ተብለዋል፤ ከዚያ ያለፈ የነገራቸው የለም። ሰግደው ሲጨርሱ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ሁሉ ሲጠራ እኔ ቆሜ ልቀር ነው» ይሉኝ ነበር። የሐበሻ ልጅ ስለሆንኩ መልሱን ከእኔ ይጠብቃሉ። ሐበሻ አንድ ሰፈር መሰላቸው እንዴ ብዬ በልቤ ተነጫንጬ፣ ደግሞ ወዲያው አንጀቴ ይበላኛል።

ነሐሴ መጣ። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ገበያ ያገኘኋት አንዲት የትግራይ ልጅ አሸንዳ ደረሰ አለችኝ። አሸንዳ ማለት የእኛው ሻደይ ነው። ነሐሴ አሥራ ስድስት የዋግ ልጃገረድ ረዥሙን ሣር ወገቧ ላይ ታስራ፣ ከበሮ ይዛ፣ ከጎጥ ጎጥ እየዘፈነች የምትዞርበት። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጭጋግና አረንጓዴ ነው፤ ጅዳ ደግሞ ከሰማዩም ከመሬቱም እሳት ይተፋል። ሣር ከየት ይምጣ? አትክልት ተራ ዞሬ ባሮ ሽንኩርት የሚመስል ቀጭን ረዥም ቅጠል አገኘሁና ታቅፌ ገባሁ። እንግዲህ ሳቁብኝ፤ ከሰዓት በኋላ መብሩካ ሲያሸልቡ የሽንኩርቱን ቅጠል በገመድ አሰናዳሁ፣ ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ክፍሉ መካከል ቆሜ ቀስ ብዬ እያጨበጨብኩ መዝፈን ጀመርኩ። ቤቱ ወጥ የሚሠራበት ይመስል ሽንኩርት ሸተተ። እያለቀስኩም ነበር፤ ከሽንኩርቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቀና ስል መብሩካ በሩ ላይ ቆመዋል። ግድግዳውን ይዘዋል፤ ዓይናቸው ወገቤ ላይ ነው።

«አውልቂው» አሉ። «አውልቂው፣ ይወስዱሻል።»

እንዲያ ያለ ፍርሃት በአዛውንት ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ፈጥኜ ፈታሁት። ተቀመጡ፤ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ለብዙ ዘመን ተዳፍኖ የኖረው ነገር ወጣ። ትንሽ ልጅ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ለበዓል ሣር ሊነቅሉ ገደል ወርደው ነበር። ዳር ዳር ያለው አለቀ። ምንጩ ጋ ያለው ይበልጣል ብለው ብቻቸውን ገባ አሉ። የነቀሉትን ወገባቸው ላይ አስረው ሲነሡ አንድ እጅ ከኋላ ሣሩን ያዘ። የሰውየውን ፊት አያስታውሱትም። ሣሩ ሲበጠስ የሰማው ጆሯቸው ግን አልረሳም። ከዚያ ረዥም መንገድ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ይህ ቤት። በዚያ ዘመን ከተማው ከሚነግድባቸው ዕቃዎች አንዱ ራሱ ሰው እንደነበረ የቤቱ ልጅ አንድም ዓርብ አልነገረንም።

በእኛ አገር እናቶች የሻደይ ሣር ለመንቀል ብቻሽን እንዳትወርጂ ይላሉ። ለምን ቢሉ መልስ የለም፤ እኛም እባብ ነው እንል ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ፣ የሽንኩርት ቅጠል እግሬ ሥር ተበትኖ፣ ለምን እንደሆነ ገባኝ።

«ከአንቺ አገር ነኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

በኽምጣንኛ፣ በእኛው የዋግ አገው ቋንቋ፣ አናገርኳቸው፤ ውሃ፣ እናት፣ ነይ አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የመጣ ነገር የለም። የሻደይን ጭብጨባ አጨበጨብኩ፤ እግራቸው ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ይህ ምን ያረጋግጣል? በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በእኛ ሻደይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ተራራ ልጃገረድ ሣር ትታጠቃለች። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ግን አገር ብቻ አልነበረም የፈለጉት። «የማን ልጅ ነኝ?» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም።

በአገራችን ሰው ያልወለደውን ልጁ ሊያደርግ ሲሻ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ሴት ልጅ በሞተ አባቷ ስም ጡት ማጥባት ትችል እንደሆነ የምጠይቀው ሽማግሌ አልነበረም። ተነሥቼ ማር አመጣሁ። የሰቆጣን ነጭ ማር የለመደ አፍ ያን ቀይ ፈሳሽ ማር ብሎ አይጠራውም፤ ግን ምን ምርጫ አለኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩና ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አባቴ ኪሮስ ይባላል» አልኳቸው። «የሾላ ምንጭ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ልጁ ነዎት።»

ማር የነካውን ጣቴን ተመለከቱ። ከዚያ፣ «ሳያየኝ ይቀበለኛል?» አሉ።

«አባቴ ከደጁ ሰው መልሶ አያውቅም።»

ጣቴን ጠቡ። ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሕፃን። የእናቴ ታላቅ ለመሆን የሚበቁትን ሴት እህቴ አደረግኋቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረጃ ሲወጡም ሲወርዱም «ቢንት ኪሮስ» እያሉ ይለማመዱ ነበር፤ የኪሮስ ልጅ ማለት ነው። እንዳይረሱት ፈርተው ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብዙም አልቆዩ። የሞቱ ዕለት የቤቱን ልጅ ቀሚስ ይዤ፣ መቃብሩ ላይ የኪሮስ ልጅ ብላችሁ ጥሩልኝ ብዬ ለመንኩት። እዚያ ሴት መቃብር አትሄድም። ግራ ገብቶት አየኝ፤ አዎም እንቢም ሳይል ወጣ። ይበለው አይበለው አላውቅም። መቃብሩም ስም አይጻፍበትም።

አገሬ የገባሁት ዓመታት ቆይቼ ነው። ሾላ ምንጭ እንደደረስኩ ከድርቁ ከተረፉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን አያ ፈንታን አገኘሁና ነገሩን አጫወትኳቸው። ድሮ ከእኛ ጎጥ ሣር ልትነቅል ወርዳ የቀረች ልጅ ነበረች ወይ አልኳቸው። አንድ ቤት የሚነግሩኝ፣ ሄጄ በሩን የማንኳኳ መስሎኝ ነበር። አያ ፈንታ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣ «የትኛዋን ነው የምትይኝ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሻደይ በመጣ ቁጥር ልጃገረዶቹ በሰቆጣ መንገድ እየዘፈኑ ሲያልፉ እወጣለሁ፤ አብሬም አጨበጭባለሁ። ከድምፆቹ መካከል ግን አንድ የጎደለ ያለ ይመስለኛል። እያዳመጥኩ እፈልገዋለሁ። አሁን አሁንማ ዘፋኞቹም እየሳሱ ነው፤ ልጆቻችን ሁሉ እዚያው ናቸው። ያኔ እጅ ከኋላ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ፓስፖርት አውጥተን፣ መርቀን፣ መኪና ድረስ የምንሸኛቸው እኛው ነን። አንድ ነው አልልም፤ ብርቄ ወዳ ነው የሄደችው፤ ቤታችንንም ያቆመች እሷ ናት። ግን ያ ከተማ ሲያብብ ሳይ ደስታም ስጋትም አንድ ላይ ይይዘኛል።

ቪዲዮው የደረሰኝ ዕለት ማታ ለብርቄ ስልክ ደወልኩላት። ያን ሰፈር ሂጂልኝ፣ አንድ ቤት እነግርሻለሁ አልኳት። ብቻዋን ከቤት እንደማትወጣ፣ ቪዲዮውንም የምትሠራላቸው ሰዎች ለሽርሽር ሲወጡ ልጆቻቸውን ይዛ በመኪና መስኮት እንደቀረጸችው ነገረችኝ። የቤቱን ነገር ተውኩት። ከዚያ የአባቷን ስም እስከ አያቷ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

ሳቀች። «ረሳሽው እንዴ አክስቴ?»

«አልረሳሁም። ካንቺ ልስማው።»

«ብርቄ ገብሩ ኪሮስ» አለች፤ አሁንም እየሳቀች። ልመርቃት አፌን ስከፍት ከጀርባዋ የሴት ድምፅ በማላውቀው ስም ተጣራ። ብርቄ «መጣሁ» ብላ መለሰችና ስልኩን ዘጋችው።