የከሱት ጥዶች

ሸረፈዲን ከወሎ ተነስቶ መቐለ ሲገባ ጎረምሳ ነበር፤ ቁመቱም የሰፈሩ መነጋገሪያ። የደን ማኅበሩ አለቃ ሊቀጥረው ሲል በሜትር ገመድ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ለካና ጫፉ ልክ ብብቱ ሥር አረፈ። "በቃ፣ አንተ መለኪያ በትር አያስፈልግህም" አለው። የዛፍ ዙሪያ የሚለካው እዚያ ከፍታ ላይ ነዋ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳ ኢየሱስ ከሚባለው ሰፈር በላይ ያሉትን ጥዶች እያቀፈ፣ ሜትሩን በብብቱ ልክ እያዞረ፣ መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ኖረ።

ዘንድሮ ሳሊና የምትባል ወጣት ባለሙያ ስልክ ይዛ መጣች። ስልኩን ዛፉ ፊት ትደግናለች፤ ካሜራው አንድ ሜትር ከሠላሳውን ራሱ ያገኝና ዙሪያውን ይናገራል። ማኅበሩም ቁርጡን ተናግሯል፤ ስልኩና መዝገቡ ከተስማሙ ሸረፈዲን በሥራው ይቀጥላል፣ ካልተስማሙ የሃያ ሁለት ዓመት ልፋቱ ይጣላል። ሰውየው ግን ቅንጣት አልፈራም። ዛፎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ምን ሊያሳፍረው!

የመጀመሪያው ጥድ አምና ሰማንያ አንድ ሴንቲ ነበር። ስልኩ ሰባ ስምንት አለ።

"ይሄ ነገር ታሟል" አለ ሸረፈዲን።

ሁለተኛውም ሦስት ሴንቲ ጎደለ። ሦስተኛውም። አሥረኛውም ያው። ሰው ይከሳል፣ በሬ ይከሳል፤ ጥድ ሲከሳ በየት አገር ታየ? ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ሜትሩን እንደ ልማዱ አዞረ። ሰማንያ ሁለት!

"ያውልሽ፣ እንዲያውም ጨምሯል!"

ሳሊና በስልኩ ደገመችው። ሰባ ስምንት። ወላሂ፣ ሸረፈዲን ግራ ገባው። ቅርፊቱን ዳበሰ፤ የተላጠ ነገር የለም። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ያው ዛፍ ነው።

ሳሊናም ግራ ተጋብታ ስልኩ ያሰመረውን መስመርና የእሱን ሜትር ስታስተያይ ድንገት ቆመች። መስመሩ ከሜትሩ ከፍ ብሏል።

"ኣቦይ ሸረፈዲን፣ እስቲ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።"

"ቆሜያለሁ እኮ!"

ከጫማው እስከ ብብቱ ለካችው። አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት። ዛፍ ደግሞ ወደ ሥሩ ሲወርዱ ይወፍራል። ጥዶቹ አልከሱም፤ ሰውየው ነው ጎብጦ ዝቅ ብሎ ሲለካቸው የከረመው።

ሸረፈዲን ሜትሩን ነጥቆ ራሱ ለካ። ያው ነው። ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን አላወቀም።

"መዝገቤ ውሸት ነው በይኛ!"

"ኣይፋልን፣ አይደለም። መጉበጥ የጀመሩበትን ዓመት ብቻ ይንገሩኝ። ከዚያ በፊት ያለው እንዳለ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አስተካክለዋለሁ።"

ዓመቱን? ሰው መቼ እንደጎበጠ ያውቃል እንዴ? ወገቡን ይዞ ቢያስብ፣ ቢያስብ፣ ምንም የለም። ሲጨንቀው ለሚስቱ ለጣይባ ደወለና ሳሊና እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጣይባ፣ እኔ መጉበጥ የጀመርኩት መቼ ነው?"

ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

"ልጃችንን ሒክማን ቀብረህ የተመለስክ ዕለት ነዋ። በር ላይ አየሁህ፤ የወጣኸው ሌላ፣ የገባኸው ሌላ። ነገ ቀና ይላል ብዬ ዝም አልኩ።"

ሳሊና እስክሪብቶዋን ልትከድን ስትል ሸረፈዲን መዝገቡን አስጠጋላት።

"ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ብለሽ ጻፊ" አላት።