አንድ ጠብታ ኑግ

እንዳላማው ጠመንጃ የለውም። የሌላውን ሰው ጠመንጃ ግን ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። በደርግ ጦር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲፈርስ ከሰሜን በእግሩ ጎጃም ገባ፤ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ያለችውን የአባቱን መሬት ማረስ ጀመረ። ክረምት በገባ ቁጥር ሰዎች ምንሽራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡበታል። ይፈታል፣ ይወለውላል፣ ይገጥማል። በምትኩ አንዱ ድንች ይቆፍርለታል፣ ሌላው በግ ይሸልትለታል።

ሕጉ አጭር ነው። ጮቄ ላይ ዝናቡ ሲያባራ በረዶ፣ በረዶው ሲያባራ ጉም ነው። ከብርድ የገባ ጠመንጃ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ያልበዋል፣ ላቡም ያዝገዋል። ውጪው በስሱ ይቀባል። ውስጡ በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ ይገጠማል። «ብርድ ላይ የውስጥ ቅባት ጠላት ነው» ይላል። ከጦሩ ጀምሮ ይህን ሲናገር ኖሯል።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ አንድ ቀን፣ ፍልሰታ በተያዘበት ዕለት፣ አስማማው ምንሽሩን ይዞ መጣ። አስማማው የእንዳላማው ሚስት የሥራነሽ ወንድም ነው፤ ከእሱ ሌላ ወንድም የላትም። ነብር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት በጉን ጨርሶበት ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በቀትር፣ በጉም ተከልሎ። በረቱ ውስጥ የቀሩት አራት ናቸው።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ» አለ።

እንዳላማው የዘይት ጠርሙሱን ዘቀዘቀው። ባዶ ነው። ከሮብ ገበያ የሚመጣው መንገድ በጭቃ ከተዘጋ ጀምሮ የመንደሩ ሱቅ ውስጥ ላምባ የለም፤ ኩራዙ ውስጥ ያለችው ለመብራት ናት።

«ቅቤ አቅልጬ በስሱ ላስነካው?»

«በፍልሰታ?»

«የሚቀባው ጠመንጃው እንጂ አንተ አይደለህም።»

«አያ እንዳላማው፣ ጉንጬ ላይ ነው የምለጥፈው። ነብሩ ጾም የለበትም፤ እኔ አለብኝ።»

ሥራነሽ ከጓዳ ሳቀች። «እናንተ ስለ ቅቤ ስትከራከሩ ነብሩ የቀሩትን ይጨርሳል። ኑግ አለላችሁ አይደል? የጾም ዘይት።» ለወጥ ያስጨመቀችውን በጣሳ አመጣች።

ኑግ ሲቆይ እየወፈረ እንደሚጎተት እንዳላማው ያውቅ ነበር። ውጪውን ብቻ ቀባ። ጨርሶ ሲገጥመው አስማማው ማቀባበያውን ሳብ አደረገና «ይንቋቋል፤ ነብሩ ይሰማዋል» አለ። እንዳላማው መልሶ ፈታው። ጣቱን ጣሳው ውስጥ ነከረ፤ ጥይቱን የምትመታው መርፌ ሞላ ላይ አንድ ጠብታ ጣለ። ድምፁ ለሰለሰ። ነገ ይተኮስበታል፤ አንድ ቀን ምን ያደርጋል ብሎ ነው።

በማግሥቱ በረዶ ወረደ። ገብሱን አስተኛው። አራት ቀን ሙሉ ከቤት የሚያስወጣ አልነበረም።

ነሐሴ ስድስት ጧት ሰማዩ ከፈት አለ። እንዳላማው መፍቻዎቹን የሚያስቀምጥበትን ሣጥን ሊከፍት ቁልፉን አስገባ። አልዞረም። ጓጉንቸሩን ያን ዕለት በተረፈው ኑግ አለስልሶት ነበር። ቁልፉን ነቅሎ አወጣው። ጫፉ ላይ እንደ ሙጫ የወፈረ ቢጫ ነገር እየተጎተተ ተከተለው። ቆሞ አየው።

«ሥራነሽ፣ አስማማው ወጥቷል እንዴ?»

«ገና ሳይነጋ። ጎረቤታችን ታረቀኝ አይቶታል፤ ጠቦት እየጎተተ ወደ አስታው ጫካ ወጣ አለኝ። ምነው?»

«ጠመንጃው አይተኩስም።»

ሥራነሽ ኩራዙን አንሥታ ላምባውን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችለት። ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ሰጠችው። «ሩጥ» አለችው።

አስታው ለጤነኛ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እንዳላማው ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጭቃው አንድ ጫማውን ወሰደበት፤ ተመልሶ አላነሣውም። የድንች ማሳው አልቆ የጓሳው ሣር ሲጀምር ጉሙ ተመለሰ፤ ከጉሙ ጋር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። «አስማማው!» እያለ ተጣራ። መልስ የለም። ተኩስ ለመስማት ጆሮውን አቆመ። ተኩስም የለም። ከዚያ ጩኸቱ ነብሩን ወደ አስማማው ቢነዳውስ ብሎ ዝም አለ። ጥቂት ሄዶ ዝም ማለቱ የባሰ መሰለውና ደግሞ ጮኸ።

አስታው ዳር ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጠቦቱን ነው፤ ሞቷል። ነብሩ ላዩ ላይ ነበር። ሃያ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ አስማማው ከጅብራ ግንድ ጀርባ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥራል።

«ተው!»

ቃታው ተሳበ። ድምፁ የታፈነ ሳል ነበር። አስማማው እንደገና አቀባበለና ሳበ። ያው ነው። ነብሩ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መጣ።

እንዳላማው ደርሶ በዱላው የነብሩን ጀርባ እስኪለው ድረስ የአስማማውን ቀኝ ክንድ ነክሶ ይጎትት ነበር። ለቀቀ። ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ግን አልራቀም። የሚወርዱበት መንገድ ላይ ሆኖ ሲያጉረመርም ይሰማል።

የአስማማው አጥንት ይታያል። እንዳላማው ቀበቶውን ፈትቶ ከብብቱ ሥር አጥብቆ አሰረለት። ከዚያ ጠመንጃውን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልፈታው።»

«እኔ ደሜ እየፈሰሰ?»

«ተሸክሜህ ልሂድ ካልኩ ሁለታችንንም ይበላናል። ዝም በል።»

ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘዋል። ሞላውን በጥርሱ ጎትቶ አወጣው። ላምባውን አፈሰሰበት፤ ቢጫው ሙጫ ወዲያው አልለቀቀም፤ በጨርቁ ፈተገው። አስማማው «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመረ፤ ጨረሰ፤ ደገመ። ሦስተኛው ላይ መሐል ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። እንዳላማው ቀና ብሎ አላየውም። ሞላውን አደረቀ፣ ገጠመ፣ ጥይት አጎረሰ።

ነብሩ ከጉሙ ሲወጣ አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። ጠመንጃው ተኮሰ። ነብሩ ወደቀ።

እንዳላማው አስማማውን ጀርባው ላይ ጫነው። ጓሳውን ጨርሰው ማሳ ሲይዙ አስማማው ነቃ።

«ለምን ነው እምቢ ያለው?»

«ውስጡ ኑግ ጨምሬ ነበር።»

«ይንቋቋል ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አውቅ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ታረቀኝና ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ በቃሬዛ ተቀበሏቸው። እስከ ሮብ ገበያ በሰው ትከሻ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ድረስ በአይሱዙ። ሐኪሙ ሕይወቱን አተረፈ። ክንዱን ከክርኑ በላይ ቆረጠው። «ቀበቶው አትርፎታል፤ ለክንዱ ግን ዘግይታችኋል» አለ።

ሥራነሽ ይህን ቆማ ሰማች። ባሏን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ኑጉ እንደማይሆን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ስጨምረው።»

እስከ ኅዳር ድረስ ከዚያ በላይ አላናገረችውም።

እርፍና ጅራፍ በአንድ እጅ አይያዝም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሁለቱንም ቤት መሬት የሚያርሰው እንዳላማው ነው። መጀመሪያ የአስማማውን፣ ቀጥሎ የራሱን። አስማማው ድንበሩ ላይ በግራ እጁ ተደግፎ ይቀመጣል።

«አያ፣ ትልሙ ተጣሟል።»

«አየሁት።»

«ታዲያ አቅናው እንጂ።»

እንዳላማው በሬዎቹን ይመልሳል።