ባህሩ የሄደበት ቦይ

ስም አልነበረውም፤ ባህር ነበር የምንለው። ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ በሁለት ጉብታዎች መሀል የተኛ ውሃ ነበር። የደጋ ሰው ቢያየው ኩሬ ይለው ይሆናል። በራያ ሐሩር ለተቃጠለ ሰው ግን ባህር ነው።

እኔና ባለቤቴ ደርግ በወደቀ በማግስቱ ዓመት ነው እዚያ የሰፈርነው። እሱ ብየዳ ያውቅ ስለነበር ከአሮጌ በርሜልና ከላሜራ ጀልባ ሠራ። እኔ ዳስ ጥዬ ቆሮሶ ዓሣ መጥበስ ጀመርኩ። እሑድ እሑድ ከቆቦም ከዋጃም ሰው ይመጣል፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። ሌሎችም ተከተሉን። አንዱ ሻይ ቤት ከፈተ፤ አንዱ ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን አመጣ፤ አንዷ አራት የሚከራዩ መኝታ ክፍሎች ሠራች፣ በቆርቆሮ ላይም «ሪዞርት» ብላ አስጻፈች። እየሳቅንባት ቆየንና እኛም ሰፈራችንን ሪዞርት ማለት ለመድን። ልጃችን እዚያ ተወለደች፤ ከመራመዷ በፊት ውሃ ለመደች።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና ውሃው ሞልቶ ዳሴ ውስጥ ገባ። እንግዶቼ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰቅለው መብላት ጀመሩ። እኔም ባለቤቴን፣ «በታች በኩል ትንሽ ቦይ ብንቀድለት ትርፉ ይወርድ ነበር» አልኩት።

«ውሃ ትርፉን ከዋናው ለይቶ ያውቃል እንዴ?» አለኝ።

ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅኩት። አንተ ከጀልባህ በቀር ምን ይታይሃል፣ ሌላው ሰው ነጋዴ ሆኖ አንተ ብቻ ሕፃን ሆነህ ቀረህ፣ አልኩት። በመጨረሻ ታከተውና በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አነሳው። ከታች ማሽላ የሚያርሱ አንድ ሸህ ብቻ ተቃወሙ። ሽማግሌው ውሃን በድሮው ኦሮምኛቸው «ቢሻን» ነበር የሚሉት።

«ልጆቼ፣ ቢሻን አፉን አንዴ ከከፈታችሁለት አይዘጋላችሁም» አሉ።

«ሸህዬ፣ አንቱ ለማሽላዎ ፈርተው ነው» ተባሉና ተሳቀ።

በሁለት ቀን ተቆፍሮ አለቀ። ጥልቀቱ እስከ ጉልበት፣ ስፋቱ አንድ እርምጃ። ዳሴ ደረቀ። ለሦስት ሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ በደጋ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወረደ። እኛ ዘንድ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ባህሩ አበጠ፣ ቦዩን አገኘና ገባበት። አፈሩ ደለል ነው፤ እንደ ቂጣ እየተቆረሰ ወደቀ። ወንዶቹ አሸዋ በማዳበሪያ እየሞሉ ወረወሩ፤ በር ነቅለው ወረወሩ። ባለቤቴ ሁሉም ሲያልቅበት ጀልባዋን ጎትቶ አመጣና በቦዩ አፍ ላይ በጎኗ አስተኛት። ጥቂት ያዘች። ከዚያ ታጥፋ ሄደች። እሱንም በሽርጡ ይዘው ነው ከውሃው ያወጡት።

በማግስቱ የቀረልን ጭቃና የሚንፈራገጥ ዓሣ ነበር። ወሬው አገር ለአገር ተዳርሶ ሰው ሳፋና ጆንያ ይዞ ጎረፈ። እኛ ስናለቅስ ቆቦ ዓሣ በላ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ግማቱ ለእኛ ለብቻችን ቀረ። የሸሁ ማሽላም ደለል ለብሶ ተኝቶ ነበር።

በሳምንቱ ሰፈሩ ተሰበሰበ። «ቦይ ይቀደድ ያለው ማነው?» ተባለ። ጣት ሁሉ ወደ ባለቤቴ ሆነ። እሱ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጉፍታዬን አስተካከልኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ፈርቼ ነበር። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና፣ ቀለል ብሎኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈጉት። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ እንደ ሰው ሊያግዝ አካፋ ሲያነሳ፣ ጎረቤታችን፣ «ደግሞ ልትቆፍር ነው?» አለው። በቀብር ላይ ሳቁ። አካፋውን አስቀምጦ ወደ ቤት መጣ። በዚያው ሰሞን የሰው ጀልባ እየቀዘፈ ሊኖር ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደ። «ነይ አብረን እንሂድ» ብሎኝ ነበር። የልጅቱን ትምህርት አመካኘሁ። እውነቱ ግን፣ ብሄድ በየቀኑ ፊቱን ማየት ሊኖርብኝ ነው። ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ዓመት በዓል ሲሆን ይመጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ምናለ ባነሳብኝ!

ዓመታት አለፉ። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሞተር ተተከለ፣ ባህሩ የተኛበት መሬት ለእኛ ለተጎዳነው ተሸነሸነ። ደለሉ ለጉድ ነው፤ ሽንኩርቱ የጨቅላ ራስ ያህላል። የመኪና ሰልፍ ሆነ። የመኝታ ክፍሎቹ የሽንኩርት መጋዘን ሆኑ። ጭቃ ቤት የነበረው ብሎኬት ሠራ። ያኔ ባለቤቴን በዓይናቸው የገደሉት ሰዎች፣ «እንኳን ባህሩ ሄደ! ዓሣ ምን ያደርጋል?» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴን ተመለስ ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

አንድ ቀን ከሐይቅ ስልክ ተደወለ። ትኩሳት ጥሎት ነበርና ዐርፏል፣ እዚያው ተቀብሯል አሉኝ። ልጄ ከምትሠራበት ከደሴ መጣች፤ ሰፈሩም ለቅሶ ሊደርሰኝ ተሰበሰበ። በሦስተኛው ቀን ያ የአካፋው ጎረቤት፣ «አላህ ይማረው፤ ጥፋቱም ለኸይር ሆነ» አለ።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ቦዩን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ጨቅጭቄ ነው ስብሰባ ላይ ያናገርኩት።»

ከዚያ አንዷ፣ «እንግዲያ ሽንኩርት ያበላሽን አንቺ ነሻ!» አለችና ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ማሻአላህ» ያለም ነበር። ይረግሙኛል ብዬ ያን ሁሉ ዓመት የተሸሸግኳቸው ሰዎች አመሰገኑኝ።

ያልሳቀችው ልጄ ብቻ ነበረች።

«ትምህርት ቤት ‹የባህር አፍራሹ ልጅ› እያሉ ሲደበድቡኝ ታውቂ ነበር» አለችኝ። «እያለቀስኩ ስመጣ ፊቴን ታጥቢኝ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እሱም ያውቅ ነበር?»

«እሱም ያውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችም። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ያዘች። አሁን ለኢድ ትደውላለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ትጠይቀኛለች። በጣም ጨዋ ልጅ ናት። አንቱ ትለኛለች፤ ድሮ አንቺ ነበር የምትለኝ።