የፊት ለፊቱ ግድግዳ

ለቡ የነበረውን ቤታችንን የቀባችው አክስቴ እንደሆነች በየሠርጉና በየለቅሶው ሲወራ ስሰማ ኖሬያለሁ። ዝም ያልኩት ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ልጻፈው።

ያኔ ለቡ ጤፍና ምስር የሚዘራበት ገጠር ነበር። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ሴቶቹ ዝናብ የላጠውን ግድግዳ በጭቃና በእበት መርገው፣ ሲደርቅ በአፈር ቀለም ያስውቡታል። ቀዩን አፈር ከገደሉ ሥር፣ ነጩን ከወንዙ ዳር እንቆፍራለን፤ ጥቁሩ የድስት ጥላሸት ነው። በእኛ ቤት የሚሣለው የራሳችን መሬት ነበር፤ ወንዙ፣ ማሳው፣ አጥሩ። በአጥሩ ውስጥ ከዚያ መሬት ለሚበላ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቀይ ነጥብ ይደረጋል። አግብታ የወጣች ሴት ነጥቧ ከወንዙ ማዶ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። መንገደኛ ሁሉ የሚያየውን የፊት ለፊቱን ግድግዳ ለመቀባት ሦስት ዓመት ለምኛለሁ። በዚያ ዓመት እናቴ አራስ ስለነበረች ተራው የእኔ መሰለኝ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከባሏ ተጣልታ እኛ ቤት ከገባች ሁለተኛ ክረምቷ ነው፣ «ይህች እጇ የማይረጋ ልጅ? ቤቱን መሳቂያ ልታደርገው» አለች። እናቴ ከተኛችበት፣ «ትቀባ» አለች። በቃ።

እንደዚያ ሳምንት ተደስቼ አላውቅም። እስከ ክርኔ ቀይ ሆኜ ወንዙን በጣቴ ሳጥመዝመዝ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ያዩኝ ነበር። አንዷ በሬያችንን በተጣመመ ቀንዱ ለየችው። አዲስ የተወለደችውን እህቴን በትንሿ ጣቴ ነካ አድርጌ ሠራኋት።

አክስቴን ከወንዙ ማዶ አስቀመጥኳት። ሲጠይቁኝ ደንቡ ነው አልኩ። ደንቡ ነበር። እኔም አውቄ ነው ያደረግኩት።

በደመራ ዕለት ዘመድ ሲሰበሰብ አክስቴ ነጥቦቹን ቆጠረች።

«እኔን የት አደረግሽኝ?»

ማዶውን አሳየኋት።

«ድልድይ እንኳ አልሠራሽላትም እኮ» አለ አጎቴ። ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ፊቷ ሲለዋወጥ ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ትናንት ከማን መሶብ በላች?»

«ከእኛ።»

«እንግዲያው አሻግሪያት።»

የማዶውን ነጥብ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ቀዩን አፈር ሳመጣ አክስቴ አልጠበቀችኝም፤ አውራ ጣቷን ነክራ ከእናቴ ነጥብ አጠገብ ተጫነችው። እጇ አልረጋም። እናቴ ከውስጥ እልል አለች፤ ሁሉም ተቀበላት። እኔም፣ ልክድ ብል አልችልም፣ አብሬ እልል አልኩ።

ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ «ያን ግድግዳ እኔ ነኝ የቀባሁት» እያለች ኖረች። አንዲት ነጥብ ነው ያደረገችው። እሷንም አፈሩን አብዝታ አዝረከረከቻት።