ፍሬኑ የላላው የልጄ ደም

ዛሬ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ሐኪማችን የልጄን የደም ውጤት ገልጦ ማንበብ ጀመረ።

ባለፈው ወር ገላዋ ሲበልዝ፣ ድዷ ሲደማ፣ አቅም እንዲሆናት ብዬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሳጠጣት ነበር የከረምኩት።

"አንቺ፣ ተዪ እንጂ!" አለኝ ሐኪሙ ያኔ። (የድሬ ሐኪም አንቱታ አያውቅም።) "በሽታ የመከላከል አቅሟማ ተርፏል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ሴሎች የሚገታው ፍሬን ነው የላላው። መቆም የነበረባቸው አድገው የገዛ ደሟን፣ ደም የሚያረጉትን ሴሎች፣ እያጠቁ ነው።" መድኃኒት ጀመረላት።

በደርግ ጊዜ አባቴ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። "ቁልቁለት ላይ ጉልበት የሚጨምር እብድ ብቻ ነው" ይለን ነበር። እብዷ እኔ ሆንኩላችሁ!

ሐኪሙ ቀና አለ። "ፍሬኑ ይዟል፤ ደም የሚያረጉት ሴሎች ጨምረዋል።"

እልልታዬ መጋላ ሰፈር ሳይደርስ አልቀረም!

እናንተስ፣ ላበርታ ብላችሁ ያባባሳችሁት ሕመም የለም?