ሽማግሌ ያልጠበቀው ቬሎ

ሶዶ ውስጥ ቬሎና ሱፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበረ፤ የፌስቡክ ገጹን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። የገጹን ፓስወርድ የምናውቀው እኔና የሱቁ ባለቤት ነበርን። እሳቸውን እትዬ እላቸው ነበር። ጣጣ ያመጣብንን ፎቶ የለጠፉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ልጅ ገብታ አዲስ የመጣውን ቬሎ ለካች። እጅጌው ዳንቴል ነው፤ ጫፉ ገና ስላልታጠፈ ወለሉ ላይ ይጎተት ነበር። እትዬ በስልካቸው አነሷት። «ለማስታወሻ ነው» ሲሏት ሳቀች። ቤታቸው ሲገቡ ፎቶውን ገጹ ላይ አወጡት። «የጥር ሙሽራችን» የሚል ጽሑፍ ጨመሩበት፤ ሼር ላደረገ የሚዜ ቀሚስ በቅናሽ እንደሚከራይም ቃል ገቡ።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን ልጅቷ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባ አለች።

«እትዬ፣ ያውርዱልኝ።»

«ምነው የኔ ቆንጆ፣ አላማረብሽም?»

«አባቴ አያውቅም።»

«ምኑን?»

«ሽማግሌ የሚላከው እሁድ ነው።»

እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ልጆቹ መስማማታቸውን አባት ያውቃል፤ ያውቃል ግን አላወቀም። ሽማግሌ መጥቶ ሲለምነው ነው የሚያውቀው። ሽማግሌ ሳይመጣ ቬሎ መለካት «ያንተ ቃል ለደንቡ ያህል ነው» ማለት ነው። የልጅቷ አባት ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ራሳቸው ለስንቱ ወጣት ሴት ልጅ የለመኑ ሰው ናቸው።

መብራት አልነበረም። በእትዬ ስልክ ገጹን ልከፍት ሞከርኩ፤ ኔትወርኩ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ሲከፈትልኝ ፎቶው ሥር «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው ተደርድሯል። አንዱ «መቼ ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ እትዬም በሱቁ ስም «በቅርብ ቀን» ብለው መልሰውለታል።

«አጥፋው» አሉኝ።

«አጠፋዋለሁ። ግን ሰዎች ስልካቸው ላይ ያስቀመጡት አይጠፋም።»

«አጥፋው አልኩህ እኮ!»

አጠፋሁት። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ፎቶ ሥር ጥያቄው መጣ። «ሙሽራዋ የት ገባች?» «ቀረ እንዴ?» «ሙሽራው ነቃ መሰለኝ።» እትዬ ይህንንም አጥፋ አሉኝ። አንዱን ሳጠፋ ሌላው ይበቅላል። «ለምን ታጠፋላችሁ? ምን ደብቃችሁ ነው?» አለ አንዱ ከጎረቤት ወረዳ ከሁምቦ። ቀጥሎ የፕሮፋይል ፎቶ የሌለው አንድ ሰው እንዲህ ጻፈ፤ «አባቷን አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ማታ ጸሎት ላይ ስለምንገናኝ እጠይቃቸዋለሁ።»

ልጅቷ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። አላለቀሰችም። መዳፏን ብቻ ጉንጯ ላይ ጫነች።

«አባትሽ ከሰው አፍ ከሚሰሙ ከእኛ ይስሙ» አልኩ። በብዙ ቀን ውስጥ ደፍሬ የተናገርኩት እሱን ነበር።

ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ወደ ልጅቷ ሰፈር ወደ ኦቶና ወጣን። እትዬ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ ንገራቸው፤ ፌስቡክ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ነገሩ የፌስቡክ አይደለም።»

አባትየው ግቢያቸው ውስጥ እንሰቱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውን ከሁለት እንግዳ ሰዎች ጋር ሲያዩ ተነሡ። እትዬ ሳይቀመጡ ተናገሩ። ልጅቷ ሳትፈቅድ እንዳወጡት፣ ሼር እንዲደረግ የጠየቁትም እሳቸው እንደሆኑ፣ ከሁምቦ ድረስ ሰው እንደጠየቀ አንድም ሳያስቀሩ አወሩ። አባትየው በወላይትኛ ለልጃቸው አጭር ነገር አሏት፤ ወደ ቤት ገባች።

«የታለ?» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?» አሉ እትዬ።

«ፎቶው ነዋ።»

«አጥፍተነዋል። ወዲያው ነው ያጠፋነው።»

«ለማን ብላችሁ?»

እትዬ ቦርሳቸውን ወደ ብብታቸው አስጠጉ።

«ከተማው አየው። ሁምቦም አየው። የጠፋው ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነው።»

እትዬ አዩኝ፤ እኔም ቦርሳቸውን አየሁ። ፎቶው ስልካቸው ውስጥ አለ። አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከፊታቸው አራቁት። በሁለት ጣት እንደሚተልቅ አሳየኋቸው። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ተመለከቱ።

«እግሯ ለምን አይታይም?»

«ቬሎው ይረዝማል ጋሼ። ገና አላሳጠርነውም።»

«ገና» አሉ። ስልኩን መለሱላቸው። «ገና ከሆነ ለምን ወጣ?»

እትዬ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እሁድ የሚመጡትን አነጋግራቸዋለሁ። እናንተ ሂዱ።»

ስንመለስ እትዬ ገጹ ላይ የይቅርታ ጽሑፍ ላውጣ አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ ያላየውም ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ለጠየቁት ሰዎች ለየብቻ «ፎቶውን ሳናስፈቅድ አውጥተን ነው፣ ጥፋቱ የሱቁ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ጸሎት ላይ እጠይቃለሁ ላለው ሰው በመጀመሪያ ጻፍኩ። ከገጹ ማንንም አላገድኩም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ «ሂዱና ተመለሱ» ተባሉ። መጀመሪያ መመለስ ወግ ነው። በሁለተኛው እሁድም እሺታ ሳያገኙ ተመለሱ። እሱም ወግ ነው ይባላል፤ ግን አባትየው በወጉ ይመልሷቸው በንዴት ማንም አላወቀም። ልጅቷ ሰኞ ሰኞ በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ራሷን ትነቀንቅልናለች። እትዬ እሷን ሲያዩ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ይጠቀልሉታል፣ ደግሞ ይፈቱታል። በእነዚያ ሳምንታት ገጹ ላይ ምንም አላወጣንም።

ከሦስተኛው እሁድ በኋላ ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች።

«ፈቀደ» አለች። «ግን ቃል ልኮላችኋል። ያንን ቬሎ አልለብስም። ሰው ያላየውን ስጡኝ።»

እትዬ መጋረጃውን ዘግተው ሌላ አለበሷት፤ ስልካቸውንም ለእኔ ሰጡኝና ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ቬሎ የማሳያው መስታወት ውስጥ ቀረ። በሱቁ ካሉት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። ሴቶች ገብተው ዳንቴሉን ይዳብሳሉ፤ ከዚያ አንዷ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም ታደርጋለች። «ይሄ ሽማግሌ ያልጠበቀው አይደል?» ሳቅ ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ሥራውን ስለቅ እዚያው ተሰቅሎ ነበር፤ ጫፉም አላጠረም።