ዘጠኝ ተኩል ኤከር

ረሺድ ሰዒድ አሜሪካ፣ አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ላለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሸትል መንዳት ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። ተጓዡ መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፤ ረሺድ ሻንጣውን ጭኖ ተርሚናል ያደርሰዋል፤ ከጉዞ የተመለሰውን ይዞ ይመጣል። የሚኖርበት ክላርክስተን ያሉ የአገሩ ልጆች "የቱ ረሺድ?" ሲባሉ "ሸትል ነጂው ነዋ" ይላሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ከዚያ በፊት ግን ይህ ሰው ኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀያሽ ነበር። ቀያሽ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ሜትር የሚጎትት ሰው እንዳይመስላችሁ! ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ መሬት ሊተራረዱ ሲደርሱ መሀል ገብቶ፣ ለክቶ፣ ችካሉን ቸክሎ "በቃ፣ ድንበራችሁ እዚህ ጋ ነው" የሚል እሱ ነበር። እሱ ካለ አለ ነው። ሚስቱ ነዚፋ ዲቪ ደርሷት አትላንታ ሲገቡ ግን ስለ ሙያው የጠየቀው አንድም ሰው የለም። እዚህ ለመቀየስ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ላይሰንሱ ትምህርት ይፈልጋል፤ ትምህርቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን ደግሞ ሸትሉ በልቶታል። እሱም ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ የተስማማ ይመስላል።

እንግዲህ ነገሩን የቀሰቀሰችው ልጁ ሰልዋ ናት። ሰልዋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የመዝናኛ ፓርክ ነገር ከተነሳ እህል ውሃ አያሰኛትም። ከሦስት ዓመት በፊት ቤተሰቡ አንዴ ፍሎሪዳ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቀልቧ እዚያው ቀረ። እንደሷ ያበዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ፎረም አላት። በ2017 የጸደይ ወራት አንድ የፍሎሪዳ ፓርክ አዲስ "ላንድ" እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። ላንድ የሚሉት የፓርኩን አንድ ሰፈር ነው፤ ተራራው፣ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ መጫወቻው ሁሉ አንድ መልክ ይዞ የሚሠራበት። ይሄኛው የተራራ ላይ መንደር ነው ተባለ። መሀሉን ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ ያቋርጠዋል። ስፋቱም አሥራ ሁለት ኤከር፣ አምስት ሄክታር ገደማ፣ ነው ተባለ።

ወይ ጉድ! ከዚያ በኋላ የተነሳውን ጭቅጭቅ ብታዩ! አንዱ ተራራው አጠረ፣ ከጀርባው ሆቴሉ ይታያል ይላል። ሌላው ጣሪያው ለምን ቀይ ሆነ ብሎ ይቆጣል። ሁለት መጫወቻ ብቻ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም፣ በበዓል ቀን ሰዉ የት ሊቆም ነው የሚሉ አሉ። ወንዙ ጠበበ፣ የለም ሰፋ ብለው ሳምንት ሙሉ የተናከሱም አሉ። ረሺድ ከልጁ ትከሻ በላይ እያነበበ ይስቅ ነበር። ኮምቦልቻ ሰው በመሬት የሚጣላው መሬቱ የራሱ ስለሆነ ነው። እነዚህ አንድ ካሬ ሳይኖራቸው ይፋጃሉ።

አንድ ቀን አንዱ ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ሆኖ የግንባታውን ቦታ ፎቶ አንስቶ ፖስት አደረገው። ረሺድ ሻዩን ይዞ ጎንበስ አለና ፎቶውን አየው።

"ይሄ አሥራ ሁለት ኤከር አይመስለኝም" አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰልዋ ዞር ብላ አየችው። "ዌይት፣ አንተ በምን አወቅክ?"

"ቀያሽ አይደለሁ እንዴ!"

ለካ ልጅቷ ይህን እንደ ተረት ነበር የምትሰማው። "እስቲ ለካው" አለችው። ረሺድም ለካው። ላይብረሪ ሄዶ ፎቶውን በትልቁ ፕሪንት አስደረገ። ለመለኪያ የሚሆነውን ነገር ያገኘው ከራሱ ሥራ ነው፦ ከግንባታው ዳር የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ አለ፣ የአንድ መኪና ቦታ ወርዱ ዘጠኝ ጫማ እንደሆነ ደግሞ ከረሺድ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ተነስቶ ሁሉንም አሰላ። ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ጎንበስ ብሎ አመሸ። ነዚፋ "ያልገዛኸውን መሬት ለካ ብሎ ማን አዘዘህ?" እያለች ትስቅበታለች፤ ግን ሻዩን ሳታቋርጥ ታመጣለታለች። ባሏን እንዲህ ሆኖ ካየችው ቆይታለች።

ውጤቱ ዘጠኝ ተኩል ኤከር ሆነ። ሰልዋ በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈችው፦ አባቴ ሰርቬየር ነው፣ ለክቶታል፣ ዘጠኝ ተኩል ነው። ፎረሙ ታመሰ። ኩባንያው ውሸታም ነው የሚሉት "ብለን ነበር!" ብለው ፎከሩ። ሌሎቹ ተቃወሙ። ያም ሆነ ይህ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰርቬየሩ ነው። ሰርቬየሩ ስለ ተራራው ምን ይላል? ሰርቬየሩ ስለ መግቢያው ምን ያስባል? ሰልዋ ለአባቷ እያነበበች፣ እሱ በአማርኛ እየመለሰ፣ እሷ እየተረጎመች ሁለት ሳምንት አለፈ። ረሺድ ሸትሉን ሲነዳ ያፏጭ ጀመር። ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ሃዋርድ የሚባል ጡረተኛ መልእክት ላከ። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ማሪዬታ የሚኖር፣ የአካባቢውን የፓርክ አፍቃሪዎች የሚሰበስብ፣ አሥራ ሁለት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። ቅዳሜ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እንገናኛለን፣ ሰርቬየሩ ይምጣና ያስረዳን፣ ስሌቱንም በወረቀት ያምጣልን ይላል። ሰልዋ ዘለለች። ረሺድ ኮቱን ላውንደሪ ሰጠ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘርግቶ ስሌቱን ማሳመር ጀመረ። የለካውን ሁሉ በባለቀለም እርሳስ እየቀባ ሳለ ሰልዋ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"መሀሉን ለምን ነጭ ተውከው?"

"ወንዙ ነዋ።"

"እሺ፣ አትቀባውም?"

"ወንዝ አይቆጠርማ። ወንዙና በግራ በቀኙ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሜትር የሕዝብ ነው። መጀመሪያ እሱን ታወጫለሽ፣ ከዚያ የቀረውን ትለኪያለሽ።"

"አባ፣ ወንዙን እኮ እነሱ ናቸው የቆፈሩት። ሲሚንቶ ነው። ፓምፕ አለው። ጀልባው የሚሄድበት መጫወቻው እኮ ራሱ እሱ ነው!"

ረሺድ እርሳሱን አስቀመጠ። ያ አላህ! ስለዚያ ወንዝ ስፋት ሰዉ ሳምንት ሙሉ ሲናከስ እያነበበ ሲስቅ አልነበረም? ሲሚንቶ መሆኑን መች አጣው! ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲለካ ወንዝ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው መቀነስ ስለነበር፣ እጁ ሳያማክረው ቀንሶታል። ርዝመቱ ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር፣ ወርዱ ከነዳርቻው ሠላሳ ስምንት። አባዛው። ወደ ሁለት ተኩል ኤከር ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደመረው።

"አሥራ ሁለት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ልክ ናቸው።"

ሰልዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ኦኬ። ማንም አያውቅም። እኔና አንተ ብቻ ነን። ነጩን እንቀባዋለን፣ ከዳር ከዳር እንቀንሳለን፣ ድምሩ ዘጠኝ ተኩል እንደሆነ ይቀራል፣ በቃ።"

"ሰልዋ!"

"አባ፣ ፕሊስ። ሠላሳ ሰው እኮ አንተን ሊያይ ነው የሚመጣው።"

ረሺድ ወረቀቱን ጠቀለለው። ያን ቀን እራት ሲበሉ ነዚፋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና "ምን ነካችሁ?" አለች። ረሺድ የከበደው ስህተቱ ብቻ አልነበረም። ነገ እውነቱን ከተናገረ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ሸትል ነጂ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሪዬታ ሄዱ። ምግብ ቤቱ ኋላ ባለው ክፍል ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ የፓርክ ስም የተጻፈበት ካናቴራ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች። ሃዋርድ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። የረሺድን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠና "ሰርቬየሩ" ብሎ ለሰዉ አስተዋወቀው። ጭብጨባ ሆነ። ረሺድ ኮቱን ቆልፎ ተነሳ፤ ሰልዋ ለመተርጎም ከጎኑ ቆመች።

"ንገሪያቸው" አላት በአማርኛ። "ተሳስቻለሁ። መሬቱ አሥራ ሁለት ኤከር ነው። ወንዙን በአገሬ ልማድ ቀንሼ ነው። ኩባንያው ልክ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሰልዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ቀጥ ብላ በእንግሊዝኛ፣ አባቴ አሁንም ልኬቱ ዘጠኝ ተኩል ነው ይላል፣ ግን የተሻለ ፎቶ ሲገኝ ደግሞ ያየዋል፣ አለች።

የረሺድ እንግሊዝኛ ሻንጣ ለመቁጠርና ተርሚናል ለመጥራት የሚበቃ ነው። ይህን ለመረዳት ግን በቃው። ልጁን አየ። ልጅቷ ወለሉን አየች።

"ኖ" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛው ራሱ ተናገረ፦ እኔ ተሳሳትኩ፣ አሥራ ሁለት ነው፣ ሃዋርድ ልክ ነው፣ ወንዙን እኔ አውጥቼው ነው። ወረቀቱን አንስቶ ነጩን ቦታ በጣቱ አሳየ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኩባንያው ዋሽቷል ሲል ከርሞ የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከኋላ ሆኖ "ለመሆኑ አንተ እውነት ሰርቬየር ነህ?" አለው።

"ነበርኩ። አሁን ሸትል እነዳለሁ" አለ ረሺድ።

ሃዋርድ ስለ መጣህ አመሰግናለሁ አለውና ወደሚቀጥለው ነገር አለፉ፤ ተራራው አጠረ አላጠረም ወደሚለው። ከዚያ በኋላ ረሺድን አንድም ነገር የጠየቀው ሰው የለም። የተሰጠውን ለስላሳ ጠጥቶ፣ ሃዋርድን ተሰናብቶ፣ ልጁን ይዞ ወጣ።

ሁለት ሰማንያ አምስት በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተጨናንቋል። ግማሽ መንገድ ላይ ሰልዋ "አድኜህ እኮ ነበር" አለችው።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተናገርክ? አሳፈርከኝ!"

"መሬት ስለካ ብሳሳት ሰው ያርመኛል። ሃዋርድ ባያርመኝ ሌላው ያርመኛል። አንቺ ለእኔ ብለሽ የዋሸሽውን ግን ማን ያርመዋል?"

"ላንተ ብዬ አይደለም" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ለራሴ ነው። ሁሌ የሸትል ነጂ ልጅ ነኝ። ሁለት ሳምንት የሰርቬየር ልጅ ሆኜ ነበር። ደስ ይል ነበር አባ።"

ይህ ቃል ከሰውዬው ጥያቄ በላይ ጠዘጠዘው። የፊተኛው መኪና ሲቆም ቆመ፣ ሲሄድ ሄደ።

"እኔም" አላት በመጨረሻ። "እኔም፣ ወላሂ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።"

ሰልዋ ዞር ብላ አየችው። አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ያለቅሳል። ከተወለደች ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።